ሪዞርት ወይስ ጸጥ ያለ ጥንታዊ ስፍራ? ከለገጣፎ ለደረሰን ደብዳቤ የተሰጠ ምላሽ

«ከለገጣፎ የምጽፍ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጃችን 11፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ሲሆን ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ጾም አጥባቂ ናት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ባለቤቴ ዕቁብ ስለደረሰው በነሐሴ ወር ለዘጠኝ ቀን ያህል ወደ ውጭ አገር እንውጣ ይላል። ምርጫው ዱባይ ወይም የግብጹ ሻርም ኤል ሼክ ሆኖ፣ ምግቡም መዝናኛውም በአንድ ዋጋ የሚጠቃለልበት ትልቅ ሪዞርት ነው። እኔ ግን ይህ ቢሾፍቱ ሄደን የምናየውን ገንዳና ቡፌ በዶላር መግዛት ይመስለኛል። ታሪክ ያለው ጸጥ ያለ ቦታ ብናይ፣ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራይተንም ወጪ ብንቀንስ እመርጣለሁ። እናቴን ይዘናት እንሂድ ወይስ እህቴ ዘንድ ትቆይ የሚለውም ገና አልተወሰነም። ምን ትመክሩናላችሁ?»

ውድ ጠያቂያችን፤

ደብዳቤዎ እያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል ምን ማየት እንደሚሻ ይነግረናል፤ ከምሳ በኋላ ባሉት ረጅም ሰዓታት ማን ምን እንደሚሠራ ግን አይነግረንም። የቤተሰብ ዕረፍት የሚሳካውም የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ሰዓታት ነው። የ5 ዓመት ሕፃን ፍርስራሽ እያየች ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አትታገሥም፤ የ11 ዓመት ልጅ ገንዳ ዳር ሦስት ቀን ከተቀመጠ ስልክ መለመን ይጀምራል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትዎ ደግሞ ሁለቱንም እየተከተሉ ሊውሉ አይችሉም። በእኔ ግምት ለእናንተ የሚስማማችሁ ትንሽና ጸጥ ያለ የባሕር ዳርቻ ሪዞርት ሆኖ፣ ታሪካዊው ስፍራ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ የመኪና መንገድ የሚደረስበት ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ አለ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን መስተካከል የሚገባቸው ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ባለቤትዎን የሚመለከት ነው፤ እርስዎ ከሰጧቸው ግምት ይልቅ ትክክል ናቸውና። ወጥ ቤት ያለው ቤት መከራየት በሒሳብ ሲታይ ወጪ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ለገጣፎ ባለው ቤታችሁ የሚያበስለው ማን እንደሆነ ደብዳቤዎ ባይገልጽም፣ በኪራይ ቤቱ ማልዶ ተነስቶ ሽንኩርት የሚከትፈው ያው ሰው እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፤ ባለቤትዎ ምግቡ የተዘጋጀበት ቦታ መፈለጋቸው ስንፍና ሳይሆን ምናልባት ለእርስዎ ያሰቡት ነገር ሊሆን ይችላል። በማያውቁት ገበያ ዘይትና ቲማቲም ሲፈልጉ ከርመው፣ ማታ ደክሞዎት ሰሐን ሲያጥቡ የሚያልፍ ዘጠኝ ቀን ለልጆቹ ዕረፍት ይሆን ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም። ስለዚህ ምግብ የሚያቀርብ ቦታ ይያዙ። «ሁሉን ያካተተ» የሚባለውን ውል መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። «በነሐሴ ወር» ብለው ጽፈዋል፤ ነገር ግን ጾም በሚከበርበት ቤት የነሐሴ መጀመሪያና መጨረሻ አንድ አይደሉም። ከ1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው፤ እናትዎ ሱባኤ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ ያንን ጊዜ ከደብራቸው ርቀው በሆቴል እንዲያሳልፉ መጠየቅ ገና ከመነሻው ቅሬታ መትከል ነው። በ13 ቡሄ አለ፤ የ11 ዓመት ልጅም ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ የሚልበትን ምሽት በቀላሉ አይተካውም። እኔ የምመርጥላችሁ ከነሐሴ 17 እስከ ወሩ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ነው። ጾሙ ተፈቷል፤ በሐምሌና በነሐሴ መጀመሪያ የምሥራቅ አፍሪካን ዳርቻ የሚያጨናንቁት አውሮፓውያን ቤተሰቦች ትምህርት ቤታቸው ስለሚከፈት መመለስ ይጀምራሉ፤ የብዙ ሆቴሎች ዋጋም ከዚያ ወዲህ ይለዝባል። ለገጣፎ በጭጋግና በጭቃ በተያዘችበት በዚያ ሰሞን የኬንያ ዳርቻ ነፋሻማ ሲሆን፣ የቀኑ ሙቀትም 28 ዲግሪ አካባቢ ነው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ምዝገባ አስቀድማችሁ ከጨረሳችሁ ለእንቁጣጣሽ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

ሦስተኛው እናትዎ ናቸው። ይዘናቸው እንሂድ ወይስ እህቴ ዘንድ ይቆዩ ብለው ጠይቀዋል፤ እርሳቸው ምን እንዳሉ ግን በደብዳቤው ውስጥ አንድም ቃል የለም። ሌላ ነገር ከመያዛችሁ በፊት ይጠየቁ፤ ሲጠየቁም «እማዬ፣ ትሄጃለሽ?» ተብለው ብቻ ሳይሆን፣ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ በመኪና ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ እንደሚጓዙ፣ ቀኑን ጥላ ሥር ባሕር እያዩ እንደሚያሳልፉ፣ እሑድ የሚያስቀድሱበት የእኛ ቤተ ክርስቲያን በአካባቢው ሊኖር እንደማይችል በግልጽ ተነግሯቸው ይሁን። አልሄድም ቢሉ አያስገድዷቸው፤ እሺ ካሉ ደግሞ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሳቸውን ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ነው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። ዱባይ በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ ሌሊቱንም አይቀዘቅዝም። ውጭ መውጣት ስለማይቻል ቀኑ በገበያ አዳራሽ ያልቃል፤ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ገንዘብ ሳያወጡ መዋል ከልጆች ጋር የሚሞከር አይደለም። ሻርም ኤል ሼክ የቀይ ባሕር ዓሣና ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር) የሚታይበት ውብ ስፍራ ቢሆንም፣ በዚያው ወር ከሙቀቱ ብዙ አያስመልጥም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የግብጽ ቪዛ ቀደም ተብሎ የሚወጣ መሆኑንም አስቡበት።

እንዲያም ሆኖ ግብጽን ከዝርዝራችሁ ሙሉ በሙሉ እንድትሰርዙ አልመክርም፤ ጊዜዋንና ተጓዧን ለውጡ እንጂ። በጥንታዊው ካይሮ ቅዱስ ቤተሰቡ በስደት እንደተጠለሉበት በትውፊት የሚነገርለት ዋሻ ያለበት የአቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከእሱ ብዙም ሳይርቅ በሮማውያን ምሽግ በር ላይ ስለተሠራች «ተንጠልጣይዋ» የምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች፤ በመጣሪያ ደግሞ የእመቤታችን ዛፍ የሚባለው አለ። የግብጽ ኦርቶዶክሳውያን የእመቤታችንን ጾም የሚጾሙት እኛ ፍልሰታን በምንጾምበት ሰሞን ነው፤ ስለዚህ «የጾም ምግብ» ሲባል አገሩ ያውቀዋል፣ ከሩዝ፣ ከምስርና ከፓስታ የሚሠራው ኮሻሪም ሆነ ፉል በየጎዳናው ይገኛል። ይህ ጉዞ ገንዳ ከሚፈልጉ ልጆች ይልቅ ለእናትዎ የተሠራ ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ወርኃ ጽጌ፣ የስደቱ መታሰቢያ በሚደረግበትና የካይሮ ሙቀትም በሚበርድበት ጊዜ፣ ከእህትዎ ጋር ቢሄዱ ከሁላችንም የተሻለውን ጉዞ ያገኙት እሳቸው ይሆናሉ።

ዛንዚባር በብዙዎች አፍ ላይ ስላለች ሳልጠቅሳት አላልፍም። ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የተመዘገበ ጥንታዊ ከተማ ነው፤ የተቀረጹት የእንጨት በሮቹና የቀድሞው የባሪያ ገበያ ስፍራ ትልቅ ሰውን ሁለት ቀን ያቆያሉ። ከቤተሰብ ጋር ሲሆን የሚከብደው ሌላው ነው። ለኢትዮጵያውያን ቪዛው አስቀድሞ የሚወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮም የውጭ ጎብኚ ሁሉ የደሴቷን ኢንሹራንስ በነፍስ ወከፍ በ44 ዶላር እንዲገዛ ይጠየቃል፤ ለልጆች ቅናሽ ቢኖረውም ለአምስት ሰው ሲደመር ቀላል አይደለም። የጥንታዊው ከተማ ጠባብ መንገዶችና ቁልቁል ደረጃ ያላቸው ሆቴሎቹም ለታመመ ጉልበት አይመቹም። የኬንያዋ ላሙ ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያለች፣ በጥንታዊ ከተማዋ መኪና የማይገባባት፣ አህያ ዕቃ የሚሸከምባት ናት፤ ነገር ግን ወደ ሶማሊያ ድንበር በሚወስደው የየብሱ ክፍል የጸጥታ ችግር ሲያጋጥም ስለኖረና ከጀልባ መውጣትና መግባቱም ስለሚበዛ ለእናንተ አልመርጣትም። ሲሼልስ ወባ የሌለባትና ቪዛ የማትጠይቅ ናት፤ ኪስ ግን ታራቁታለች። ርዋንዳ ለአፍሪካውያን በሯን የከፈተች፣ ንጹሕና ጸጥተኛ አገር ስትሆን፣ የኪቩ ሐይቅ ዳርቻዋን ልጆቹ ከፍ ሲሉ አስቡት።

የምመክራችሁ ቦታ ዋታሙ ይባላል። ከሞምባሳ በስተሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ መንደር ቢጤ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሞምባሳ በቀጥታ ይበራል፤ ኬንያም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘን ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም፤ የመግቢያ ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ግን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። የዋታሙ ባሕር እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በብሔራዊ የባሕር ፓርክነት የተጠበቀ ነው፤ የውቅያኖሱን ኃይለኛ ሞገድ ከዳርቻው ራቅ ብሎ የተዘረጋው የኮራል ግንብ ስለሚሰብረው፣ በውስጥ በኩል ያለው ውኃ ለልጆች የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ ደጋ ውስጥ ያደግን ሰዎች የማናስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ሐይቅ እንጂ ውቅያኖስ አላሳደገንም። የውቅያኖስ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜም ይመለሳል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። በሆቴሉ ፎቶግራፍ ላይ እስከ ወንበሮቹ ድረስ ሞልቶ የሚታየው ሰማያዊ ባሕር፣ ከሰዓታት በኋላ ሸሽቶ አሸዋ፣ ድንጋይና የባሕር ሣር ብቻ ትቶ ሊገኝ ይችላል። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ውኃው መቶዎች ሜትሮችን ስለሚርቅ፣ ያላወቁ ቤተሰቦች የተታለሉ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሆቴሉን ውኃው ሲሸሽ የተነሳ ፎቶግራፍ ጠይቁ፤ ለምትሄዱባቸው ቀናትም የባሕሩን የመሙያና የመሸሻ ሰዓት ሰሌዳ ከኢንተርኔት አውጡ። ውኃው ሲሸሽ ባሕሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። በኮራሎቹ መካከል በቀሩት ኩሬዎች ትንንሽ ዓሦችንና ሸርጣኖችን ማየት ለ5 ዓመቷ ልጅዎ ከማንኛውም መዝናኛ ይበልጣል፤ የባሕር ጃርት እሾህ ስላለ ግን ባዶ እግሯን አትግባ። ወለሉ በመስታወት የተሠራ ጀልባም አለ፤ መዋኘት የማይችሉት እናትዎ ሳይረጥቡ ዓሣውን ከላይ ያያሉ።

እርስዎ የፈለጉት ታሪክም ከዚያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ደን ውስጥ ይገኛል። ጌዲ በኮራል ድንጋይ የተገነባ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጥሎት የሄደ የስዋሂሊ ከተማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቤተ መንግሥቱ፣ ታላቁ መስጊድ፣ የውኃ ጉድጓዶቹ አሁንም ይለያሉ፤ ከቻይና የመጡ የሸክላ ዕቃዎች ስብርባሪም ተቆፍሮ ወጥቶበታል። ዛፎቹ ጥላ ስለሚሰጡ፣ ዝንጀሮዎችም ስለማይጠፉ፣ ልጆቹ ታሪክ እየተማሩ መሆናቸውን ሳያውቁት ይውላሉ። ማለዳ ሁለት ሰዓት ላይ ግቡ፣ አስጎብኚ ያዙ፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ውጡ። ወንድ ልጅዎ ጥያቄ የሚያበዛ ከሆነ ደግሞ ለግማሽ ቀን ወደ ማሊንዲ ውሰዱት። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ወደ ሕንድ ሲያልፍ የደረሰባት ወደብ ናት፤ ፖርቱጋሎቹ ያቆሙት ምሰሶ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1415 የማሊንዲ ሰዎች ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ በመርከብ ልከው ነበር፤ ያንን የሰማ የ11 ዓመት ልጅ መርከቡ ላይ ቀጭኔዋን እንዴት እንዳቆሟት ሳይጠይቅ የሚያድር አይመስለኝም።

ማረፊያውን ስትመርጡ የኮከቡን ብዛት ትታችሁ ክፍሎቹ ከሠላሳ አርባ የማይበልጡትን ተመልከቱ፤ በትልልቆቹ ዘንድ የማታው ሙዚቃ እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል። በጽሑፍ ጠይቁ፦ ክፍሉ ምድር ቤት ነው ወይ፤ ከመመገቢያው ስንት እርምጃ ይርቃል፤ የልጆች ገንዳ ከትልቁ የተለየ ነው ወይ፤ የሚጠብቅ ዋናተኛስ አለ ወይ፤ «የቤተሰብ ክፍል» ያሉት በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው ወይስ ተጣጣፊ አልጋ የገባበት አንድ ክፍል፤ የልጅ ዋጋ የሚያበቃው በስንት ዓመት ነው። የመጨረሻው ጥያቄ የ11 ዓመቱን ልጃችሁን በቀጥታ ይነካል፤ አንዳንዱ ሆቴል እስከ 11፣ ሌላው እስከ 12 ዓመት ድረስ ልጅ ብሎ ይቆጥራልና። መልሱን በስልክ የሚነግራችሁን ሳይሆን የሚጽፍላችሁን እመኑ።

«ሁሉን ያካተተ» ውል ላይ ያለኝ ቅሬታ ይህ ነው፦ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መጠጥ የሚያበዛውንና ከግቢ የማይወጣውን እንግዳ ነው። እናንተ ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት የማትነኩ፣ ሁለት ሕፃናትና አንዲት እናት ያላችሁ ቤተሰብ ናችሁ፤ ያልበላችሁትን መክፈል ይሆናል። ቁርስና እራት የተካተተበትን ያዙና ምሳን በመንደሩ ብሉ፤ ያኔ ባለቤትዎ የፈለጉት ምቾትም እርስዎ የፈለጉት የአገሬው ሕይወትም በአንድ ቀን ውስጥ ይገናኛሉ። በዚያ ዳርቻ በኮኮናት ወተት የሚሠራ ባቄላ፣ ሚቺቻ የሚሉት ጎመን፣ ሩዝና ቻፓቲ የዕለት ምግብ ነው፤ ጾመኛ አይራብም። «የጾም» ብሎ መጠየቅ ግን ላይገባቸው ስለሚችል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ብላችሁ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። በዳርቻው ብዙ ሙስሊሞች ስለሚኖሩ፣ መንደር ስትወጡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ የእናትዎ ነጠላ እዚያ ከማንም ልብስ የተሻለ ያስከብራል።

ሌሊቶቻችሁን ሁሉ በዋታሙ አድርጋችሁ የመጨረሻዋን ብቻ ሞምባሳ እደሩ፤ በመመለሻው ቀን ሁለት ሰዓት መንገድ እየሮጡ አውሮፕላን መጠበቅ ከልጆች ጋር አይሆንም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ የሠሩትን ፎርት ጂሰስ የተባለ ምሽግ ማየት ይበቃል።

ወረቀቱን በተመለከተ የልጆቹ ፓስፖርት ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ይኑረው፤ የልደት የምስክር ወረቀታቸውን ቅጂም ያዙ። ምንዛሪ ለመግዛት ባንኩ ፓስፖርትና የመመለሻ ቲኬት ስለሚጠይቅ ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መሰጠት ሲኖርበት፣ አንዴ ከተወሰደ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። እናትዎ ከዚህ በፊት ካልተከተቡ ግን ዝም ብለው እንዳይወስዱት፤ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ክትባት ሐኪም አመዛዝኖ የሚወስነው ነው፤ ሐኪሙ አይሆንም ካለም የሚጽፈው ማስረጃ አለ።

ከሁሉም በላይ እንዳትዘናጉበት የምለው ወባ ነው። ለገጣፎ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ልጆቻችሁ ወባን የሚቋቋም ሰውነት የላቸውም፤ የኬንያ ዳርቻ ደግሞ የወባ አገር ነው። ከጉዞው ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ እንደየዕድሜያቸውና እንደየክብደታቸው የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አጻፉ፤ መድኃኒቱም ከተመለሳችሁ በኋላ ለታዘዘው ቀን ሁሉ አይቋረጥ። አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፤ ከምሽት ጀምሮ እጅጌው ረጅም ልብስ አልብሷቸው። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ወራትም ቢያልፉ፣ ከአምስታችሁ አንዱን ትኩሳት ከያዘው ታይፎይድ ነው ብላችሁ ቤት ውስጥ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ከባሕር ዳርቻ መመለሱን ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩ።